የዐቢይ ጾም መሥዋዕት በካቶሊካውያን ቤት፦ ከቀኖና ወደ ቤተሰብ ምርጫ

በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾም የሚቆመው በሦስት ነገሮች ነው፦ በጸሎት፣ በጾምና በምጽዋት። ሦስቱም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 በአንድነት ተጠቅሰዋል፤ የላቲን ሥርዓት ተከታዮች ጾሙ በሚገባበት በዐመድ ረቡዕ ቅዳሴ የሚሰሙትም ይህንኑ ምንባብ ነው። ዛሬ ብዙ ካቶሊካውያን ቤተሰቦች ቀኑ ከመድረሱ በፊት ተመካክረው ለአርባው ቀን የሚሆናቸውን ይመርጣሉ። አንዱ ጣፋጭ፣ ሌላው መጠጥ ወይም ሲጋራ ይተዋል፤ ልጆች የቴሌቪዥን ወይም የስልክ ሰዓታቸውን ይቀንሳሉ፤ ቤተሰቡ በአንድነት የማታ መቁጠሪያ ወይም የዐርብ ፍኖተ መስቀል ይይዛል፤ ከተተወው ነገር የተረፈው ገንዘብም ለድሃ ይቀመጣል።

ምርጫው እንዲህ በቤተሰብ እጅ ከገባ ብዙ ጊዜ አልሆነውም። ከሺህ ዓመት በላይ ምን እንደሚበላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበላና ከጾሙ ነጻ የሚሆነው ማን እንደሆነ የሚወስነው ቀኖና ነበር፤ የቤተሰቡ ድርሻ በቀኖናው ልክ ጓዳውን ማሰናዳት ነበር። ከግዴታው በላይ በፈቃዱ የሚጾም ሰው በየዘመኑ አልጠፋም። ነገር ግን የፈቃድ መሥዋዕት የዐቢይ ጾም ዋና መልክ ሊሆን የቻለው ቀኖናው ደረጃ በደረጃ እየላላ ከመጣ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአርባው ቀን አመጣጥ

ከፋሲካ በፊት መጾም የቆየ ልማድ ቢሆንም ርዝመቱ በየስፍራው ይለያይ ነበር። የሊዮኑ ጳጳስ ቅዱስ ኢሬኔዎስ በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለሮሙ ጳጳስ ለቪክቶር በላከው ደብዳቤ አንዳንዱ አንድ ቀን፣ አንዳንዱ ሁለት ቀን፣ ሌላውም ከዚያ በላይ እንደሚጾም፣ አርባ ሰዓት የሚቆጥሩም እንዳሉ ጽፏል። በእርሱ ዘንድ የጾሙ መለያየት የእምነቱን አንድነት ይመሰክራል እንጂ አያፈርስም። አርባ ቀን የሚለው ስያሜ ከሚገኝባቸው ጥንታዊ ሰነዶች አንዱ የኒቅያ ጉባኤ በ325 ያወጣው 5ኛ ቀኖና ነው። ቀኖናው የሚናገረው የጳጳሳት ስብሰባ መቼ መደረግ እንዳለበት ነው፤ አርባውን ቀን የጠቀሰው ሁሉም እንደሚያውቀው ጊዜ ብቻ ነው። የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስም በ330ዎቹ በላካቸው የፋሲካ መልእክቶች የግብፅ ምእመናን አርባውን ቀን እንዲጾሙ ያሳስብ ነበር።

ቁጥሩ ቢስማማም አጿጿሙ ገና አልተስማማም። በ5ኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የጻፈው ሶቅራጥስ እንደሚለው አንዳንዶች ነፍስ ካለው ሁሉ ይከለከላሉ፤ አንዳንዶች ዓሣ ይበላሉ፤ አንዳንዶች ወፎችም ከውኃ ተፈጥረዋል ብለው ከዓሣው ጋር ይጨምሯቸዋል፤ እንቁላልና ፍራፍሬ የሚተዉም፣ በደረቅ እንጀራ ብቻ የሚጾሙም ነበሩ። ስለዚህ ነገር የተጻፈ ትእዛዝ ስለሌለ ሐዋርያት ለእያንዳንዱ ፈቃድ ትተውታል ሲልም ይደመድማል። ከ440 እስከ 461 በሮም መንበር የነበሩት ታላቁ ልዮን ደግሞ በዐቢይ ጾም ስብከቶቻቸው አጥብቀው የሚናገሩት ስለ ምግብ ዓይነት ሳይሆን ጾመኛው ከራሱ የቀነሰው ለተራበው እንዲደርስ ነው።

በሮም ጾሙ ስድስት ሳምንት ነበር። እሑድ ስለማይጾም የጾሙ ቀናት 36 ይሆናሉ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታላቁ ጎርጎርዮስ (590–604) ይህን የዓመቱ ዐሥራት ብለው ተርጉመውታል። አርባ ለመሙላት የጎደሉት አራት ቀናት ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በፊቱ ተጨመሩ፤ ጾሙ ከሰኞ ይልቅ በረቡዕ የሚጀምረው ከዚህ የተነሣ ነው። የራሱን ሥርዓት የጠበቀው የሚላኖ ሀገረ ስብከት ጭማሪውን ስላልተቀበለ በዚያ ቅበላው እስከ ቅዳሜ ይዘልቃል። በረቡዑ ዐመድ መቀባት ቀድሞ በአደባባይ ንስሓ ለሚገቡ ሰዎች የተለየ ነበር፤ በ1091 በቤኔቬንቶ የተደረገው ጉባኤ ለምእመናን ሁሉ እንዲሆን አዘዘ።

ሕጉና ጓዳው

በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ የጾም ሕግ ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከሠርክ ጸሎት በኋላ መብላት ነው። ሁለተኛው ሥጋን፣ በብዙ ስፍራም እንቁላልን፣ ወተትን፣ ቅቤንና አይብን መተው ነው። ሕጉን የመንግሥት ክንድም ይደግፈው ነበር። ሻርለማኝ ድል አድርጎ በግድ ላጠመቃቸው ሳክሶኖች በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያወጣው አዋጅ ክርስትናን በመናቅ በዐቢይ ጾም ሥጋ የበላ በሞት እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ በችግር ተገዶ እንደሆነ ግን ካህኑ እንዲመረምር ያዛል።

የመብያ ሰዓቱ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ተሳበ። ከምሽት ወደ ዘጠኝ ሰዓት፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ወደ እኩለ ቀን ደረሰ። ማዕዱ ቀትር ላይ ሲሆን ሌሊቱ ረዘመ፤ ለዚህም መላ የተገኘው ከገዳማት ነው። መነኮሳት ማታ ማታ የዮሐንስ ካሲያንን የአበው ጉባኤያት መጽሐፍ ሲያስነብቡ ጥቂት መጠጥ ይቀምሱ ነበር። ቆይቶ ከመጠጡ ጋር ቁራሽ ተጨመረ፤ ልማዱም ከገዳም ወጥቶ ወደ ምእመናን ቤት ገባ። በኋላ ዘመን የካቶሊክ ሕግ «አንድ ሙሉ ማዕድ ከሁለት ጥቂት ቁርስራሽ ጋር» የሚለው አነጋገር መሠረቱ ይኸው ነው።

የቤት እመቤት ሥራ በዚህ ሕግ ዙሪያ ይሽከረከር ነበር። ጾሙ ከመግባቱ በፊት በቤት ያለው ስብ፣ ቅቤና እንቁላል ማለቅ ስላለበት በእንግሊዝ ቂጣ፣ በሌሎች አገሮችም በስብ የሚጠበሱ ጣፋጮች የቅበላው ማክሰኞ ምግብ ሆኑ። ዶሮ ግን በጾምም ትጥላለች፤ የተጠራቀመው እንቁላል ተቀቅሎ ፋሲካን ይጠብቃል። በፖላንድ ዛሬም ቤተሰቦች በቀዳም ሥዑር እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዳቦና ጨው በቅርጫት ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ያስባርካሉ። በጾሙ ወራት የሰሜኑን ገበታ የያዘው በጨው የተከተተ ሄሪንግ የተባለው ዓሣና ከኖርዌይ የሚመጣው የደረቀ ኮድ ነበር። በአየርላንድ በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ ጋብቻ ወደ ቅበላው ቀናት ይከማች ነበር።

ቀኑን ለልጆች መቁጠሪያ የሚሆን ነገርም ነበር። በስፔን ሰባት እግር ያላት አሮጊት በወረቀት ትሣልና በየሳምንቱ አንድ እግሯ ይቆረጣል፤ ሰባተኛው ሲወድቅ ፋሲካ ይገባል። በደቡብ ኢጣልያ ደግሞ ጥቁር የለበሰች አሻንጉሊት በመስኮት ተሰቅላ ከሥሯ በተሰካው ድንች ላይ ካሉት ሰባት ላባዎች በየሳምንቱ አንዱ ይነቀላል።

ፈቃድ፣ ገንዘብና ተቃውሞ

የቅቤ ክልከላ ለደቡብ አውሮፓ ብዙም አልከበደም፤ የወይራ ዘይት በእጁ ነበር። ወይራ በማይበቅልበት ሰሜን ግን ዘይት ከሩቅ የሚመጣ ውድ ሸቀጥ ስለሆነ ሰዎች ቅቤ ለመብላት ፈቃድ ይለምኑ ነበር፤ ፈቃዱም ከምጽዋት ጋር ይሰጥ ጀመር። በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ ከ1485 እስከ 1506 የተሠራው የካቴድራሉ ግንብ «የቅቤ ግንብ» እየተባለ የሚጠራው ከግንባታው ወጪ ከፊሉ ከዚህ ዓይነት ክፍያ ስለተገኘ ነው። በስፔንና በፖርቱጋል ግዛቶችም «የመስቀል ጦርነት ደብዳቤ» የሚባለውን ፈቃድ በምጽዋት የወሰደ ቤተሰብ በብዙዎቹ የጾም ቀናት ሥጋ ይበላ ነበር፤ ይህ አሠራር እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ዘልቋል።

ፈቃድ በገንዘብ መገኘቱ ሕጉን ራሱን አስጠየቀ። በ1522 በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ በዙሪክ በአታሚው በክሪስቶፍ ፍሮሻወር ቤት የተሰበሰቡ ሰዎች ቋሊማ በሉ፤ አታሚው የሥራ ብዛት ሠራተኞቹን እንዳደከማቸው ተናግሮ ራሱን ተከላከለ። ከማዕዱ ያልቀመሰው ካህን ኡልሪኽ ዝዊንግሊ በስብከቱ ስለ እነርሱ ተሟገተ፤ ስብከቱም በሚያዝያ ወር ታትሞ ወጣ። በዙሪክ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ በግልጽ የጀመረው በዚህ ጠብ ነው ይባላል። በካቶሊካውያን ዘንድ በአንጻሩ ጾም መጠበቅ የእምነት መለያ ሆነ፤ ይሁን እንጂ መላላቱ አልቆመም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ በ1741 ባወጡት ደብዳቤ ፈቃድ መብዛቱ ጾሙን እያጠፋው መሆኑን በምሬት ገልጸዋል። ሥጋ የተፈቀደላቸው ሰዎችም በአንድ ማዕድ ሥጋና ዓሣ እንዳይቀላቅሉ፣ በቀን አንድ ጊዜ የመብላትንም ሕግ እንዲጠብቁ አዘዋል።

የቤት ጸሎት

የዐቢይ ጾም ዋና ጸሎት ሆኖ ወደ ካቶሊካውያን ቤት የገባው ፍኖተ መስቀል ነው። መነሻው ኢየሩሳሌም ነው፤ ከ1342 ጀምሮ የቅዱሳት ቦታዎች ጠባቂነት በይፋ የተሰጣቸው ፍራንሲስካውያን ተሳላሚዎችን ክርስቶስ መስቀል ተሸክሞ ባለፈበት መንገድ ይመሩ ነበር። ወደዚያ መሄድ ለማይችሉ ሰዎች የመንገዱ ምዕራፎች በአውሮፓ በሥዕልና በሐውልት ተሠሩ። ቁጥራቸው በየአገሩ ሲለያይ ቆይቶ በ1731 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 12ኛ ጊዜ 14 ሆኖ ጸና። በኢጣልያ የሰበከው ፍራንሲስካዊ ቅዱስ ሌዮናርዶ ዘፖርቶ ማውሪዚዮ ከ570 በላይ ፍኖተ መስቀሎችን ሲያቆም ከእነርሱ አንዱን በ1750 በሮም ኮሎሴዎም ተክሏል። ቅዱስ አልፎንሶ ሊጎሪ በ1761 ያዘጋጀው አጭር የፍኖተ መስቀል ጸሎት ደግሞ ማንበብ ለሚችል ቤተሰብ ሁሉ የሚመች ስለነበር በብዙ ቋንቋዎች ተሠራጨ።

ትንንሽ መሥዋዕቶችን እየመረጡ መቁጠርን በልጆች ዘንድ ካስለመዱት ታሪኮች አንዱ የቅድስት ተሬዛ ዘሊዚዬ (1873–1897) የልጅነት ታሪክ ነው። ተሬዛና እኅቷ ሴሊን ያደረጓቸውን በጎ ሥራዎች የሚቆጥሩበት ባለ ዶቃ ክር ነበራቸው። በግንቦት 1884 ከተቀበለችው የመጀመሪያ ቁርባን በፊትም ታላቅ እኅቷ ፖሊን በሰጠቻት ትንሽ ደብተር በየቀኑ ያደረገችውን መሥዋዕትና ጸሎት ትመዘግብ ነበር። የሕይወት ታሪኳ በ1898 ታትሞ በዓለም ሲሠራጭ የመሥዋዕት ዶቃውም ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶችና ቤቶች ገባ። መቁጠሪያን በቤተሰብ መድገም ደግሞ በ20ኛው መቶ ዓመት የአደባባይ ዘመቻ ሆኗል፤ አየርላንድ የተወለዱት ካህን ፓትሪክ ፔይተን በ1942 በአሜሪካ የጀመሩት የቤተሰብ መቁጠሪያ ዘመቻ በሬዲዮና በትላልቅ ስብሰባዎች ብዙ አገሮችን አዳርሷል።

ከ1917 እስከ 1966

የ1917ቱ የቀኖና ሕግ መጽሐፍ በየአገሩ የተበታተነውን ልማድ ወደ አንድ ሰበሰበው። በክልከላ ቀናት ሥጋና የሥጋ መረቅ ሲከለከሉ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ተፈቀዱ። ከእሑድ በቀር የዐቢይ ጾም ቀናት ሁሉ የአንድ ማዕድ ጾም ሆኑ፤ በዐመድ ረቡዕ፣ በዐርብና በቅዳሜ ከዚህ ሌላ ሥጋ አይበላም። ከሥጋ መከልከል ከ7 ዓመት ጀምሮ ለሁሉ ግዴታ ነበር፤ ጾሙ ግን ከ21 ዓመት እስከ 59 ዓመት ፍጻሜ ያሉትን ብቻ ይመለከታል። ከጾም ወራት ውጭም ዓመቱን ሙሉ ዐርብ ሥጋ አይበላም ነበር። በዚህ ሕግ የሚተዳደሩ ሕዝቦች በሚበዙበት ሰፈር ገበያው ራሱ ይለወጣል፤ የማክዶናልድ የዓሣ ሳንድዊች በ1962 የተፈጠረው በሲንሲናቲ ካቶሊኮች በሚበዙበት ሰፈር ዐርብ ዐርብ ሃምበርገር አልሸጥ ስላለ ነው።

ሕጉን ያናወጠው በመጀመሪያ ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምግብ በራሽን ሲታደል ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ጳጳሳት በየአገራቸው ጾሙን እንዲያቃልሉ ፈቀዱ፤ ሰላም ሲመለስም ጾሙ ወደ ቀድሞ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ቀጥሎ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ የዐቢይ ጾም ንስሓ ውስጣዊና ግላዊ ብቻ ሳይሆን ውጫዊና ማኅበራዊም እንዲሆን አሳሰበ። ከዚያም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በየካቲት 17 ቀን 1966 ባወጡት ሕግ የግዴታ ጾም በዐመድ ረቡዕና በስቅለት ብቻ እንዲሆን፣ ከሥጋ የመከልከል ዕድሜ ወደ 14 ከፍ እንዲል አደረጉ። የየአገሩ የጳጳሳት ጉባኤም ጾምን በሙሉ ወይም በከፊል በጸሎትና በበጎ አድራጎት የመተካት ሥልጣን አገኘ።

የአሜሪካ ጳጳሳት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከዐቢይ ጾም ውጭ ዐርብ ሥጋ መተውን ከግዴታነት አነሡ፤ ምእመናን ግን በፈቃዳቸው እንዲይዙት ወይም በምትኩ ሌላ ተጋድሎ እንዲመርጡ ጠየቁ። ቤተሰብ ተቀምጦ «ምን እንተው?» ብሎ መመካከሩ ዋና ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከአርባው ቀን አብዛኛው በሕግ ባዶ ሆኖ ስለቀረ የሚሞላው በምርጫ ነበር። ለውጡ ሁሉን ደስ አላሰኘም። የእንግሊዝና የዌልስ ጳጳሳት ከመስከረም 2011 ጀምሮ የዓመቱን ዐርብ ሁሉ ከሥጋ መከልከል እንደገና ግዴታ አድርገዋል፤ አብሮ የሚያዝ ነገር ከሌለ የጋራ መታወቂያ ይጠፋል የሚል ስጋት ነበር።

በ1983 የወጣው አዲሱ የቀኖና ሕግ መጽሐፍ የጾምን ዕድሜ ከ18 ጀምሮ አደረገ። 1252ኛው ቀኖና ዕድሜያቸው ላልደረሱ ልጆች የንስሓን እውነተኛ ትርጉም የማስተማሩን ኃላፊነት በወላጆችና በእረኞች ላይ ጥሏል። በዚህም ልጅን ለመሥዋዕት ማለማመድ በቀኖና የተጻፈ የወላጅ ግዴታ ሆነ።

ከገበታ ወደ ሙዳየ ምጽዋት

ጾሙ ሲቀል የምጽዋቱ ክፍል ጎልቶ ወጣ። የጀርመን ጳጳሳት በኮሎኙ ካርዲናል ዮሴፍ ፍሪንግስ አሳሳቢነት በ1958 ሚዜሬኦር የተባለውን ድርጅት ለረሃብና ለበሽታ መከላከያ አቋቁመው ከ1959 ጀምሮ በዐቢይ ጾም ገንዘብ ያሰባስባሉ። በብራዚል በ1962 በናታል አካባቢ የተጀመረው የወንድማማችነት ዘመቻ በ1964 አገር አቀፍ ሆነ። በአየርላንድ በ1973 የተመሠረተው ትሮከራ በየቤቱ የሚያድለው የካርቶን ሙዳየ ምጽዋት የጾሙ ምልክት ሆኗል። በአሜሪካ ደግሞ በ1975 በፔንሲልቬንያ አለንታውን ሀገረ ስብከት የአፍሪካን ረሃብ ምክንያት በማድረግ ቤተሰቦች በሳምንት አንድ ቀን ቀለል ያለ ምግብ በልተው የተረፋቸውን በወረቀት ሣጥን ማጠራቀም ጀመሩ። «የሩዝ ሳሕን» የተባለው ይህ ዘመቻ በ1977 የአገሪቱ ጳጳሳት የርዳታ ድርጅት መርሐ ግብር ሆነ፤ ከገቢው አራት እጅ አንዱ እዚያው በሀገረ ስብከቱ ለሚኖሩ ችግረኞች ይቀራል።

ሚዜሬኦር አንድ የጠፋ ልማድም አስነሥቷል። በመካከለኛው ዘመን በጾሙ ወራት መሠዊያውን ከምእመናን ዓይን የሚጋርድ «የረሃብ መጋረጃ» ይሰቀል ነበር፤ በጀርመን ዚታው የሚገኘው የ1472ቱ መጋረጃ 8.20 በ6.80 ሜትር ሲሆን 90 የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕሎች አሉበት። ድርጅቱ ከ1976 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገር ሠዓልያን የሚሣሉ መጋረጃዎችን ለቁምስናዎችና ለቤተሰቦች ማሠራጨት ጀመረ። የመጀመሪያው የሕንድ ሲሆን የ1978ቱን የሣለው ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ዓለማየሁ ብዙነህ ነው። በእርሱ ብሩሽ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የጀርመን ካቶሊኮች የጾም ጸሎት መመልከቻ ሆነ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የካቶሊኮች ቁጥር ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እጅ በታች ቢሆንም የጾም ጉዳይ በታሪካቸው ከባድ ስፍራ አለው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን ከተቀበሉ በኋላ በ1625 የመጣው ኢየሱሳዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የአገሩን ሥርዓት በላቲን ሥርዓት ለመተካት ተነሣ። ካስቆጡት ለውጦች አንዱ የረቡዕ ጾም ቀርቶ እንደ ሮም ቅዳሜ እንዲጾም መታዘዙ ነበር። ተቃውሞው ሲበረታ ከተሰጡት ማስታገሻዎች መካከል ረቡዕን ለጾም መመለስ አንዱ ነበር፤ ነገሩ ግን አልበረደም። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያንም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአገር ወጡ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1839 ወደ ትግራይ የመጡት ላዛሪስቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ሌላ መንገድ ያዙ። የአገሩን መነኮሳት አለባበስና አኗኗር ተቀብለው የግእዝን ሥርዓት ሳይለውጡ አስተማሩ። በ1846 የተሾሙት ካፑቺኑ ጉልዬልሞ ማሳያ በበኩላቸው በኦሮሞ ምድር የላቲን ሥርዓት ተከሉ። የዛሬው የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ሁለት ሥርዓት የመጣው ከእነዚህ ሁለት ምንጮች ነው፤ በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በብዛት የግእዝ ሥርዓት፣ በደቡብ፣ በምዕራብና በምሥራቅ የላቲን ሥርዓት ይሠራበታል።

የግእዙ ሥርዓት ካቶሊኮች የጾሙን እሑዶች ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና በጥንቱ ስማቸው እየጠሩ ይጾማሉ። በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ በ882ኛው ቀኖና እያንዳንዷ ቤተ ክርስቲያን በራሷ ሕግ የደነገገችውን ጾም ምእመናኗ እንዲጠብቁ ያዛል፤ ስለዚህ የ1966ቱ የሮም ለውጥ እነርሱን በቀጥታ አይመለከትም። የላቲኑ ሥርዓት ቤተሰብ ግን በዐመድ ረቡዕና በስቅለት ከሚጾመው፣ በዐርብ ከሚተወውም ሥጋ ሌላ የቀረውን በፈቃዱ ይሞላል። ከሥጋና ከወተት ተዋፅኦ ሁሉ የሚከለከል ኦርቶዶክሳዊ ጎረቤት ባለበት አገር አንዳንዱ ከሕጉ አልፎ እንደ ጎረቤቱ ይጾማል፤ ፍኖተ መስቀልና መቁጠሪያ ደግሞ በሁለቱም ሥርዓት ቁምስናዎች የጾሙ የጋራ ጸሎቶች ናቸው።